የድንጉሪ ሠላሳ አንድ ሕመምተኞች

ስልኩ ሲጮኽ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ገና ማንሣቴ ነበር። ረቡዕ፣ የካቲት ሃያ ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ጨጓራ ያለበት ሰው ምሳውን ሲያቋርጡት ምን እንደሚሆን፣ ያለበት ያውቀዋል። «ምንድን ነው ደግሞ!» ብዬ ጮህኩ።

«ድንጉሪ ጤና ጣቢያ ሰው ተፈንክቷል» አለኝ ሳጅን ክንዴ። «ተራ ሰው እንዳይመስልህ፤ ከባሕር ዳር የመጣው ገምጋሚ ነው።»

ጉርሻዋን መልሼ ወጣሁ። ኢንስፔክተር ዮናዳብ እባላለሁ፤ የዞኑ ፖሊስ ወንጀል መርማሪ ነኝ። ያደግኩት እዚሁ ቆሰበር ነው፤ በወረቀት ላይ እንጅባራ የሚሏት። ክንዴ በማዕረግ ያንሰኛል፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ጋሽ ክንዴ ነው የምለው። ሲያናድደኝም ያው ጋሽ ክንዴ ነው።

ድንጉሪ ስንደርስ ተጎጂውን አምቡላንስ ይዞት ሄዷል። አደጋው የደረሰው በመዝገብ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ወለሉ ላይ ደም አለ፤ በብረት መደርደሪያው ጠርዝ ላይም አለ። ዱላ ፈለግን፣ የለም። ድንጋይ ፈለግን፣ የለም።

«እንዴት ሆኖ አገኘኸው?» አልኩት ዘበኛውን።

«በጎኑ ተኝቶ። ራሱ ስር ጋቢ ተደርጎለት።»

«ተደርጎለት?»

«አዎ፣ ተጣጥፎ። እኔማ ደክሞት ያሸለበ መስሎኝ ልቀሰቅሰው ነበር። ደሙን ሳይ ነው የጮህኩት። ዶክተሯ ከቤቷ እየሮጠች መጣችና ይዛው ሄደች።»

ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። ዘበኛው በሩ ላይ ነበር፤ በበሩ የገባ የለም ብሎ ማለ። ነገር ግን ከጀርባ በኩል አጥሩ ተቀዶ ሰው ሁሉ እንደሚመላለስበት አይቻለሁ። ገምጋሚው ጠዋት ይዞት የገባው ጥቁር ቦርሳ ግን የለም።

ነገሩ ወዲያው ነው የጎረበጠኝ። ሰውን ፈንክቶ ቦርሳውን የወሰደ ሌባ ትራስ አያበጅም።

ገምጋሚው አቶ አስቻለው ይባላል። ምን ሊሠራ እንደመጣ አገር ያውቃል። የወረዳው የጤና መድን አባል የሆነ ገበሬ ለቤተሰቡ በዓመት ሁለት መቶ አርባ ብር ያዋጣና ዓመቱን ሙሉ በነፃ ይታከማል። ዘንድሮ የመድኑ ጽሕፈት ቤት «የጤና ጣቢያዎቹ ሒሳብ ካዝናውን አራቆተው፤ መዋጮው ሦስት መቶ ሃምሳ ይሁን» ብሎ ጠየቀ። ክልሉ ደግሞ ዝም ብሎ አያጸድቅም፤ ሰው ይልካል። የተላከው ሰው እውነት ይህን ያህል ሕመምተኛ ታክሟል ወይ ብሎ ቅጹን አንድ በአንድ ያያል። አስቻለው ሪፖርቱን ሰኞ ለአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሊያቀርብ ነበር። ሪፖርቱ ካልቀረበ ጭማሪው እንደቀረበው ይጸድቃል።

የጋቢው ባለቤት ለመገኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀም። «የይኸነው ነው» አለች የካርድ ክፍሏ አምሳለ፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ። «ጠዋት ሚስቱን እታለማሁን ስኳሯ ወርዶባት አምጥቷት ነበር።»

ይኸነውን ሁሉም ያውቀዋል። ያለፈው እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይህን ጭማሪ የሚያመጣብኝን ሰው እግሩን ነው የምሰብረው!» ብሎ ጮኋል፤ በሁለት መቶ ሰው ፊት።

ከሚስቱ አልጋ አጠገብ ነው የያዝነው። አልሸሸም፤ አልተከራከረም።

«ጋቢው የማን ነው?» አልኩት።

«የእኔ። እታለማሁን አልብሻት ነበር።»

«ገምጋሚው ራስ ስር ምን ሊሠራ ሄደ?»

«እኔ ምን አውቄ ጌታው! ምግብ ላመጣላት ቤቴ ሄጄ ነበር። ስመለስ ጋቢው የለም። እሷ እንደተኛች ናት።»

«ስትሄድ ማን አየህ?»

«ማንም» አለኝ።

«እግሩን እሰብራለሁ ብለሃል።»

«ብያለሁ።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «ሚስቴ በመርፌ ነው የምትኖረው። በየቀኑ ካልተወጋች ሳምንት አትቆይም። ሁለት መቶ አርባዋን ያገኘሁት በግ ሸጬ ነው፤ ሌላ በግ የለኝም። እና ብጮህ ይፈረድብኛል? ሰው ግን አልመታሁም።»

አለቃዬ ኮማንደሩ በስልክ ሲሰማኝ ደስ አለው። «በቃ፣ ያዝከው እኮ! ዓርብ ፍርድ ቤት ይቅረብ» አለ። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ መኪናው ውስጥ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። ክንዴን «ቀስ ብለህ ንዳ» እለዋለሁ፤ ቀስ ሲል ደግሞ «ምን ታንቀላፋለህ!» እለዋለሁ።

ተጎጂው የተወሰደበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ርሆቦትን አገኘኋት። የድንጉሪ ጤና ጣቢያ ኃላፊ እሷ ናት፤ ጤና መኮንን ናት፣ ገበሬው ግን ዶክተሯ ይላታል። እኔ የማውቃት ከሌላ ቦታ ነው፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፤ ሁለታችንም ወንጌላውያን። ልጅ ሆነን መዘምራን ውስጥ ከፊቴ ትቆም ነበር። ነጭ ጋውኗ በደም ጨቅይቷል።

«ወንድም ዮናዳብ፣ ይተርፋል አሉህ?» አለችኝ፤ ሰላም እንኳ ሳንባባል።

ሐኪሙ ወጣ። «ራሱን አያውቅም፤ ወደ ባሕር ዳር እንልከዋለን። ግን ዕድለኛ ነው። አስመልሶታል፤ በጀርባው ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ትንፋሹ ተዘግቶ ይሞት ነበር። በጎኑ ያስተኛው ሰው ነው ያዳነው» አለን።

ርሆቦት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ሞኙ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ «አይዞሽ እህቴ፣ ጌታ ያውቃል» አልኳት። ምሳ ሰዓት ላይ የት እንደነበረች ጠየቅኳት፤ ለወጉ ያህል። «ቤቴ፣ ብቻዬን» አለችኝ። ጻፍኩና ገጹን ገለበጥኩ።

ከአስቻለው የደረት ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ተገኘች። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «31 ሰው፣ ከአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ቀን? ሐኪማቸው ማን ነበር?»

ሐሙስ ጠዋት ወደ ገሠሠ ሄድን። ገሠሠ የወረዳው የጤና መድን አስተባባሪ ነው፤ ጭማሪውን የጠየቀው እሱ ነው። ክራቫቱን አጥብቆ፣ ወንበሩ ላይ እየተሽከረከረ ጠበቀን።

«ትናንት ምሳ ሰዓት?» አለ። «ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ዞን።»

«የምን ስብሰባ?»

«የ... የአፈጻጸም።»

ዞን ደወልኩ። ስብሰባ የሚባል ነገር አልነበረም። ስልኩን ዘግቼ አየሁት። ላብ በላብ ሆነ።

«ዳንግላ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ወርዶ።

«ዳንግላ ምን ትሠራለህ በሥራ ሰዓት?»

«የግል ጉዳይ።»

ክንዴን ወደ ዳንግላ ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ሲደውልልኝ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። «ሰውዬው ድንች ነጋዴ ነው ዮናዳብ! ትናንት ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገበያ ዳር ጋሪ ላይ ቆሞ ሚዛን ሲይዝ ውሏል። ባለጋሪው መስክሯል፣ ገዢው መስክሯል፣ ፈረሱ አፍ ቢኖረው እሱም ይመሰክር ነበር። ያንኑ ክራቫት አድርጎ እኮ ነው!»

አልሳቅኩም። ገሠሠ ሰነፍና ውሸታም ነው፤ ድንጉሪ ግን አልነበረም። ቀኑ ሊመሽ ነው፤ ነገ ይኸነው ፍርድ ቤት ይቀርባል። በእስር ክፍሉ መስኮት ሳልፍ «ጌታው፣ እታለማሁን ማን ወጋት?» ብሎ ጠየቀኝ። ጎረቤት እንደወሰዳት ነገርኩት። «መርፌውስ?» አለኝ። አላወቅሁም። ተናድጄ አለፍኩ፤ በማን እንደተናደድኩ እንጃ።

ገሠሠ ድንች መሸጡን ለአለቃው እንዳልነግርበት ሲል አንድ ነገር ሰጠኝ፤ አስቻለው ሲመረምረው የነበረውን የድንጉሪን የጥር ወር ቅጾች ሁለተኛ ቅጂ። እያንዳንዱ ቅጽ በካርቦን ሁለት ሆኖ ይሞላል፤ አንዱ ጤና ጣቢያው ጋ ይቀራል፣ ሌላው ወደ መድኑ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። ከአስቻለው ቦርሳ ጋር የጠፋው የጤና ጣቢያው ነው፤ ይኸኛው ሳጥን ውስጥ አቧራ ሲቅም ነበር።

ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አገላበጥኩት። በአብዛኛው ቀን ከድንጉሪ ቀበሌ ስድስት ሰባት ሰው ይታከማል። በገበያ ቀን ሃያ ይደርሳል፤ ገበሬው ገበያ ሲወጣ በዚያው ይታከማልና። በአንድ ቀን ብቻ ሠላሳ አንድ። ስማቸው አለ፣ የመድን ቁጥራቸው አለ፣ ሕመማቸው አለ፤ ሳል፣ ጨጓራ፣ ሽንት ቧንቧ። ወረርሽኝ ገብቶ ይሆን አልኩ። ገበያ ቀን ይሆን አልኩ፤ አይደለም፣ ማክሰኞ ነው። ሁለቴ አነበብኩት፣ ሦስቴ አነበብኩት፤ ምንም አልታየኝም።

ክንዴ ከዳንግላ ተመልሶ፣ አቧራውን እያራገፈ ገባ። በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከድንጉሪ የታከሙ ሰዎች። በአንድ ቀን ሠላሳ አንድ።»

«ቀኑ ስንት ነው የሚለው?»

«ጥር ሃያ አንድ።»

ክንዴ ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ የሚያሾፍ መሰለኝ። «ጥር ሃያ አንድ? በአስተርዮ ማርያም? ከድንጉሪ ማርያም አጥቢያ ሠላሳ አንድ ሰው ሳሉን ሊያሳይ ሐኪም ቤት መጣ? አንተ ሰውዬ፣ በዚያ ቀን እኮ ታቦት ይወጣል! አልጋ ላይ ያለው እንኳ በሰው ጀርባ ታዝሎ ወደ ማርያም ነው የሚሄደው።»

«ይህን ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠዋት ቀኑን ነገርከኝ እንዴ? ዳንግላ ሂድ፣ ፈረስ ጠይቅ አልከኝ እንጂ!»

እውነቱን ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት ጥር ሃያ አንድ ከጥር ሃያ ሁለት በፊት የሚመጣ ቀን ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሦስቴ ያነበብኩትን እሱ በአንድ እይታ አየው። አፈርኩ፤ ከዕፍረቴ ጋር ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ያንን ግን ለክንዴ አልነገርኩትም።

ዓርብ ማለዳ ድንጉሪ ነበርን። ከዝርዝሩ የመጀመሪያዋ ማናለብሽ የምትባል ሴት ናት፤ ድንች ስትኮተኩት አገኘናት። ክንዴ በአገሩ ቋንቋ፣ በአውኝኛ፣ ሰላም አላትና ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«እመይቴ፣ ለአስተርዮ ለት ጨጓራሽን ታክመሻል ይላል።»

«እኔ?» መኮትኮቻዋን ጣለች። «በአስተርዮ? ምን በወጣኝ! ታቦት ስሸኝ፣ እልል ስል ነው የዋልኩት። ጨጓራም የለብኝ። ማነው ሕመም የለጠፈብኝ?»

ሁለተኛው ሰው ያንኑ አለ። ሦስተኛው ተቆጣ። አራተኛው ከሞተ ዓመቱ ነው።

ቅጽ መሙላት የሚችሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። መድኃኒት ቤት የሚሠራው ደጉ የድንጉሪ ማርያም ማኅበርተኛ ነው፤ ያን ቀን ጠላ ሲቀዳ ነው የዋለው። አምሳለ የካርድ ክፍሉን ቆልፋ ነጠላዋን ለብሳ ታቦት አጅባለች። ሁለቱም ቢሰርቁ እንኳ በዚያ ቀን ሰው ታከመ ብለው አይጽፉም፤ እጃቸው እሺ አይላቸውም። ቀኑ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ እንደ እኔ ያደገ ሰው።

«ጥር ሃያ አንድ ኃላፊያችሁ የት ነበረች?» አልኳት አምሳለን።

«ባሕር ዳር፣ ሥልጠና ላይ። ሳምንቱን ሙሉ አልነበረችም።»

ርሆቦት መርፌ ቤት ብቻዋን ነበረች፤ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ብልቃጥ ትቆጥራለች። ክንዴን ውጭ አቆምኩት።

«እህት ርሆቦት።»

ድምፄን ሰምታ አልዞረችም። ማቀዝቀዣውን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«በጎኑ ያስተኛሽው አንቺ ነሽ» አልኳት።

«አዎ።»

እንዲህ ቶሎ ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም። ልጮህባት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ተውኩት።

«አልመታሁትም» አለች። «ምሳ ሰዓት ላይ ጠራኝ። የጥርን መዝገብ ዘርግቶ ‹በዚህ ቀን እናንተ ጋ ሰው አልመጣም፤ እነዚህ እነማን ናቸው?› አለኝ። ቅጹን ለመንኩት። ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ ያዝኩት፣ ጎተተ፣ ገፋሁት። ከዚያ የመደርደሪያው ጠርዝ...» ማቀዝቀዣውን ተደገፈች። «አየር እንዲያገኝ በጎኑ አስተኛሁት። ከሚቀጥለው ክፍል አልጋ ላይ ያገኘሁትን ጋቢ አነሣሁ፤ የማን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ ቦርሳውን ይዤ በጀርባ በተቀደደው አጥር ወጣሁ። ወዮልኝ፣ የይኸነው መሆኑን የሰማሁት ሆስፒታል ነው።»

«ሰምተሽም ዝም አልሽ። ሁለት ቀን!»

«ዝም አልኩ። ገምጋሚው ነቅቶ እሱ ራሱ እስኪናገር እያልኩ። ፈሪ ነኝ ወንድም ዮናዳብ።»

«ለምንድን ነው የጻፍሽው? ገንዘቡን ምን አደረግሽው?»

ማቀዝቀዣውን መልሳ ከፈተችው። ከክትባቶቹ በታች የተደረደሩ ትናንሽ ብልቃጦች አሳየችኝ፤ ኢንሱሊን።

«መንግሥት ከሚልከው መድኃኒት ይህ ከጠፋ አምስት ወሩ ነው። ከግል መድኃኒት ቤት ስገዛ ሦስት እጥፍ ነው፤ መድኑ ደግሞ በመንግሥት ዋጋ ነው የሚከፍለኝ። በድንጉሪ በመርፌ የሚኖሩ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ። ልዩነቱን ከየት ላምጣ? ወር ሲያልቅ መዝገቡን ገልጬ ባዶ ቦታ ያለበትን ቀን እፈልግና ሰው እሞላለሁ። የጥር ሃያ አንድ ገጽ ባዶውን ነበር። ደስ አለኝ። ለምን ባዶ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።»

«በአንቺ ቅጽ ምክንያት እኮ ነው መዋጮው የሚጨምረው! አገሩ ሁሉ ሊከፍል ነው!»

«አውቃለሁ» አለች። «ስብሰባው ላይ ይኸነው ሲጮኽ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የሚጮኸው በእኔ ነው፤ የምጽፈው ደግሞ ለሚስቱ ነው። ምን ልበለው?»

ቦርሳውን ከቤቷ ከአልጋዋ ሥር አወጣችልን። ሳትከፍተው አስቀምጣዋለች። ለምን እንዳላቃጠለችው ክንዴ ሲጠይቃት «የሰው ንብረት ነው» አለችው።

ወደ ቆሰበር ስንመለስ ከኋላ ተቀምጣ ደጉ እንዲያደርገው የሚገባውን በስልክ ታዝዘው ነበር፤ ማንን ስንት ሰዓት እንደሚወጋ፣ ለማን ስንት መስመር ኢንሱሊን እንደሚስብ። ስልኩን መቀማት ነበረብኝ፤ ሕጉ ያዛል። እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ጨጓራዬ ይፋጃል፤ ምሳም አላሰኘኝ።

ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር ተደወለ። አስቻለው ነቅቷል፤ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ቦርሳው ነው። የአስቻለው አለቃ ደግሞ ቅጾቹ ሐሰት መሆናቸው ከታወቀ ጭማሪው ውድቅ ነው፤ መዋጮው ሁለት መቶ አርባ እንዳለ ይቀጥላል አለኝ። ክንዴ ጠረጴዛውን በጡጫ መታና «እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ!» አለኝ። እኔም የምስራቹን ለይኸነው ልነግረው ፈጠንኩ።

ይኸነው ፍርድ ቤት መቅረቡ ቀርቶ፣ ከእስር ክፍሉ ወጥቶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ቀበቶውን መለስንለት፤ ታጠቀ። ሌላ ሰው መያዙን፣ እሱ ነፃ መሆኑን ነገርኩት። መዋጮው እንደማይጨምር ስነግረው ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰ፤ ይዤ አነሣሁት።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታው። እግዜር ልጅ ያውጣልዎ። ቅር አላለኝም፤ ሥራዎ ነው።» በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «ዶክተሯ ዓርብ ና፣ የእታለማሁን መርፌ ውሰድ ብላኝ ነበር። አሁን ብሄድ ጤና ጣቢያው አይዘጋብኝም?»

ክንዴ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ደጉ ይሰጥሃል» አልኩት። «ያለውን።»

«እሷስ? ደህና አይደለችም እንዴ?»

ሊደበቅ የሚችል ነገር አይደለም፤ በማግስቱ አገር ይሰማዋል። ነገርኩት። የጋቢውን ነገር ነገርኩት፣ የቅጹን ነገር ነገርኩት፣ ብልቃጦቹ በምን እንደተገዙ ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ።

«ስለዚህ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሲያልቅ ሌላ አይገዛም» አለ።

«ለመንግሥት እንጽፋለን። እኔ ራሴ...»

«ስንት ቀን ይበቃል?»

«ደጉ እስከ መጋቢት አምስት ይላል።»

በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ቀበቶውን ፈታ፤ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ጫማውን አውልቆ ከጎኑ አኖረ።

«እሷን ይልቀቋት» አለኝ። «እኔ እገባለሁ። መታሁት ብዬ እፈርማለሁ፤ መፈረም ባልችልም ጣቴን አትማለሁ። እኔ እዚህ ብቀመጥ የሚሞት የለም።»

«አይሆንም ይኸነው።»

«ለምን አይሆንም? ረቡዕ ለት ሆኖ ነበር እኮ።»

ቀበቶውን አንሥቼ ዘረጋሁለት። እጁን አልዘረጋም።